ስድስት ደቂቃ በደልዳላ መሬት፦ የአረጋውያን የመራመድ ጽናት እንዴት ይለካል?

የመራመድ ጽናት አንድ ሰው በራሱ እግርና በራሱ ፍጥነት ምን ያህል ርቀት መዝለቅ እንደሚችል የሚገልጽ አቅም ነው። ከፍጥነት ይለያል፤ ከወንበር ተነሥቶ እስከ በር ድረስ ቀልጠፍ ብሎ የሚሄድ ሰው ሁለት መቶ ሜትር ሳይሞላ ሊዝል ይችላል። ከጉልበትም ይለያል፤ ከባድ ዕቃ የሚያነሣ ክንድ ያለው ሰው ረጅም መንገድ ላይቀናው ይችላል። ጽናት የብዙ አካላት የጋራ ሥራ ነው። ሳንባ ኦክስጅን ያስገባል፣ ልብ ከደም ጋር ይረጨዋል፣ የደም ሥሮች ያደርሱታል፣ የእግር ጡንቻ ይጠቀምበታል፣ ነርቭና መገጣጠሚያ እርምጃውን ያቀናሉ። ከእነዚህ አንዱ ሲደክም የሚዘልቁት ርቀት ያጥራል። በዚህ የተነሣ የጽናት ልኬት የትኛው አካል እንደታመመ ለይቶ አይናገርም፤ ሁሉም ተደምረው ሰውየውን የት እንዳደረሱት ግን በአንድ ቁጥር ያሳያል።

ይህ ቁጥር ለአረጋውያን ሕይወት ቅርብ ነው። ቤተ ክርስቲያን መሳለም፣ ለቅሶ መድረስ፣ ገበያ ወጥቶ መመለስ፣ የእድር ስብሰባ መገኘት ሁሉ በእግር ርቀት የሚወሰኑ ናቸው። መራመድ የተሳነው አረጋዊ የሚያጣው መንገዱን ብቻ አይደለም፤ በመንገዱ ማዶ ያለውን ማኅበራዊ ኑሮ ሁሉ ያጣል።

ዳገት እንደ መለኪያ

በሰሜን ምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በየካ ክፍለ ከተማ፣ የአረጋውያን አቅም የሚመዘነው በዳገት ነው። ከቀበና እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከመገናኛ እስከ ላምበረትና ኮተቤ ያሉት ሰፈሮች ከበስተጀርባቸው የእንጦጦና የየካ ተራሮች ቆመውባቸዋል። ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ብዙውን ጊዜ ሽቅብ ይወጣል ወይም ቁልቁል ይወርዳል። አንዲት እናት በሰባ ዓመታቸው የካ ተራራ ላይ ወዳለው፣ ከአለት ተፈልፍሎ ወደተሠራው ዋሻ ሚካኤል በእግራቸው ከወጡ ቤተሰብ ጤናቸውን አይጠራጠርም። እንጦጦ ማርያም ደርሰው ጸበል ይዘው የሚመለሱ አባት «ገና ብርቱ ናቸው» ይባላሉ።

ይህ ምዘና መሠረት የሌለው አይደለም። ተራራ የሚወጣ አረጋዊ በእርግጥ ልብም ሳንባም እግርም አለው። ችግሩ ምዘናው አንድ ነገር ብቻ መናገሩ ነው፦ ወጡ ወይስ አልወጡም። በሁለቱ መካከል ያለው ዝግ ያለ መዳከም አይታይበትም። አረጋዊው በመጀመሪያ መንገድ ላይ ከሚያገኙት ሰው ጋር ሰላምታቸውን ማርዘም ይጀምራሉ፤ ሰላምታው እግረ መንገዱን ማረፊያ ይሆናል። ቀጥሎ ወደ ላይ በታክሲ ሄደው ቁልቁሉን ብቻ በእግራቸው ይወርዳሉ። ከዚያ የተራራውን ደብር ትተው ቅርብ ባለው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። በመጨረሻ «እግሬ እምቢ አለኝ» ብለው ቤት ይቀመጣሉ። በየደረጃው ያለው ለውጥ ምክንያት አለው፤ ዝናቡ፣ ጭቃው፣ የልጅ ልጅ ጥበቃው። በዚህ መሀል ቤተሰቡ ልብ የሚለው የመጨረሻውን ደረጃ ብቻ ነው። በእርጅና ላይ የሚያጠኑ ባለሙያዎች ይህን ሂደት ያውቁታል፤ ሰው «መሄድ አቃተኝ» ከማለቱ በፊት አካሄዱን፣ መንገዱንና ልማዱን ይለውጣል። ሊረዱት የሚቀለውም በዚያ ዝምታ ጊዜ ነው።

በእንጦጦ ግርጌ ይህን ዝምታ የሚያከብዱ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ብዙ እናቶች ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከተራራው ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው በመውረድ ነው። ኑሯቸው ጠንካራ እግር ሰጥቷቸዋል፤ ጉልበታቸውንና ወገባቸውን ደግሞ ጎድቷል። በእንጨት ጭስ በታፈነ ማድ ቤት ለብዙ ዓመታት ማብሰል ሳንባን ያደክማል። ሳንባ ነቀርሳ ድኖም ጠባሳ ይተዋል። በወጣትነት የያዘ የልብ ክዳን (ቫልቭ) ሕመምም ሳይታወቅ እስከ እርጅና ሊቆይ ይችላል። ሁሉም መጀመሪያ የሚገለጡት በአንድ መልክ ነው፦ መንገዱ ይረዝማል፣ ትንፋሽ ያጥራል።

ዳገት ለምን አሳሳች ሆነ?

ዳገት የሰውን አቅም ከመሬቱ ተዳፋት ጋር ቀላቅሎ ይለካል። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ የሚጠቀምበት የመራመድ ቀመር ይህን በግልጽ ያሳያል። አንድ ሰው በደልዳላ መሬት በደቂቃ 60 ሜትር ሲራመድ ሰውነቱ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በደቂቃ 9.5 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይፈልጋል። በየመቶ ሜትሩ 5 ሜትር ከፍ በሚል መንገድ ላይ በዚያው ፍጥነት ቢሄድ ፍላጎቱ 14.9 ይሆናል፤ 10 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ደግሞ 20.3 ይደርሳል። ፍጥነቱ ሳይለወጥ ሥራው ከእጥፍ አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት አረጋውያን በሁለት የተለያዩ አቀበቶች ላይ እኩል ቢደክሙ አቅማቸው እኩል ነው ማለት አይቻልም። ቁልቁለቱም የራሱ ጣጣ አለው፤ ትንፋሽን ያሳርፋል እንጂ የጭን ጡንቻንና ጉልበትን ይፈትናል፣ መውደቅንም ያመጣል።

ከፍታም አለ። አዲስ አበባ በአማካይ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። በከተማዋ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በተራራው ጫፍ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ግፊቱ ሲቀንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል። ሯጮች ለልምምድ እንጦጦን የሚመርጡትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ወጣቱን ሯጭ የሚያጠነክረው ቀጭን አየር የታመመ ልብ ላለው አረጋዊ ግን ተጨማሪ ሸክም ነው።

የኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪ ለዚህ አየር እንግዳ አለመሆኑም መታወስ አለበት። አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መርምረዋል። በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ የሄሞግሎቢን መጠናቸውም በባሕር ወለል ከሚኖሩ ሰዎች ብዙ አልራቀም። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ጎን አለው። በባሕር ዳርቻ አገሮች የተሠራ ሠንጠረዥ እንዳለ እንጦጦ ላይ አይሠራም፤ ስለ ሌሎች ከፍተኛ ቦታዎች የተጻፈውም ሁሉ ለኢትዮጵያውያን እንዳለ አይሆንም።

የስድስት ደቂቃው ፍተሻ አመጣጥ

አቅምን ከመሬቱ ተዳፋት ለይቶ ለመለካት የሚያገለግለው በደልዳላ መሬት የሚደረግ የስድስት ደቂቃ የእግር ጉዞ ነው። አቅምን በርቀትና በጊዜ የመለካት ሐሳብ ከስፖርትና ከወታደር ቤት የመጣ ነው። ተመራማሪው ብሩኖ ባልክ እ.ኤ.አ. በ1963 በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የተሸፈነ ርቀት የሰውነትን ብቃት ሊያሳይ እንደሚችል አቀረበ። የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም የነበረው ኬኔት ኩፐር በ1968 የ12 ደቂቃ ሩጫ ፍተሻን አስተዋወቀ። ሩጫ ለታመመ ሰው ስለማይሆን በ1976 ማክጋቪንና ባልደረቦቹ ሥር የሰደደ ብሮንካይትስ ያለባቸውን ሕሙማን በ12 ደቂቃ የእግር ጉዞ ለኩ። 12 ደቂቃም ለደካሞች ረዘመ። በ1982 ቡትላንድና ባልደረቦቹ የ2፣ የ6 እና የ12 ደቂቃ ጉዞዎችን አወዳድረው 6 ደቂቃው የተሻለ ሚዛን እንዳለው አሳዩ፤ ደካማውን አያሰቃይም፣ ብርቱውንም ሳይፈትን አያልፍም። በ1985 ካናዳዊው ጎርደን ጋያት ለልብ ድካም ሕሙማን ተጠቀመበት። የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበር በ2002 ወጥ መመሪያ አወጣለት፤ በ2014 ደግሞ ከአውሮፓው አቻው ጋር ሆኖ አሻሻለው።

ፍተሻው ከዚህ ሁሉ ጉዞ በኋላም ርካሽ ሆኖ ቀርቷል። የሚፈልገው 30 ሜትር ቀጥ ያለ፣ ደልዳላና ጠንካራ መሬት፣ በሁለቱ ጫፍ የሚቀመጥ ምልክት፣ ሰዓት ቆጣሪ፣ አንድ ወንበርና መመዝገቢያ ወረቀት ነው። የደም ግፊት መለኪያና ጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ ቢጨመሩ የተሻለ ይሆናል። ይህን ማሟላት ለአንድ ጤና ጣቢያ ከባድ አይደለም።

አለካኩ

ተለኪው ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ 10 ደቂቃ ወንበር ላይ ያርፋል። የልብ ምት፣ የደም ግፊትና የኦክስጅን ሙሌት ይመዘገባሉ። ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ድንገተኛ የልብ ጥቃት የደረሰበት ወይም ያልተረጋጋ የደረት ሕመም ያለበት ሰው አይለካም። በዕረፍት ላይ ሳለ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ120 የሚበልጥ፣ ወይም የደም ግፊቱ ከ180 በ100 የሚያልፍ ከሆነ ሐኪም ሳያየው አይጀመርም።

ቀጥሎ መመሪያው ይነገራል፦ በስድስት ደቂቃ ውስጥ የሚችሉትን ያህል ርቀት ይራመዱ፤ መሮጥ አይፈቀድም፤ ከደከሙ ቆመው ማረፍ ይችላሉ፣ ሰዓቱ ግን አይቆምም። ሰውየው ከጫፍ ጫፍ ይመላለሳል፤ ለኪው ዙሩን ይቆጥራል። አንድ ዙር 60 ሜትር ነው። 6 ዙር ጨርሶ በሰባተኛው 18 ሜትር ላይ ስድስት ደቂቃው ካለቀ የተጓዘው 378 ሜትር ነው። የደረት ሕመም፣ ከባድ የትንፋሽ ማጠር፣ መንገዳገድ፣ የቀዝቃዛ ላብ መውጣት ወይም የፊት መገርጣት ከታየ ፍተሻው ወዲያው ይቋረጣል። አረጋዊው የሚጠቀሙት ከዘራ ካለ ይዘውት ይሄዳሉ፤ በሚቀጥለው ልኬትም ያንኑ መያዝ አለባቸው።

የአገሩ ልማድ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይሻል። ከልማዶቹ አንዱ ደግነት ነው። አረጋዊ ሲራመድ ልጅ ወይም ጎረቤት ክንዱን ይይዛል፣ አብሮት ይሄዳል። በፍተሻው ግን ከጎን መሄድ ፍጥነቱን የተለኪው ሳይሆን የአጃቢው ያደርገዋል። ለኪው ከዳር ቆሞ ይጠብቃል፤ የመውደቅ ስጋት ካለ ከኋላ ትንሽ ርቆ ይከተላል። ማበረታታትም እንዲሁ ልክ አለው። «አይዞዎት! በርቱ! ደረሱ!» እያለ የሚያሞቅ ለኪ ከዝምተኛው ለኪ የበለጠ ርቀት ያስመዘግባል። ስለዚህ በየደቂቃው የሚባለው ቃል አንድ ዓይነት፣ በረጋ ድምፅ የሚነገር ይሆናል፦ «ጥሩ እየሄዱ ነው፤ አምስት ደቂቃ ይቀርዎታል»፣ «ጥሩ ነው፤ በዚሁ ይቀጥሉ፤ አራት ይቀርዎታል» እያለ እስከ መጨረሻው። ፍቅር በዚህ ሰዓት የሚገለጠው ለሁሉም እኩል በመናገር ነው።

ሌላው ልማድ ምስጋና ነው። ከፍተሻው በፊትና በኋላ ተለኪው ድካሙንና የትንፋሽ ማጠሩን ከ0 እስከ 10 በሚደርስ መጠን እንዲናገር ይጠየቃል፤ መጠኑን የሠራው ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጉናር ቦርግ ነው። የደጋው አረጋዊ «እንዴት ነዎት?» ሲባል ቀድሞ የሚመጣለት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው። መልሱ እውነተኛ እምነትና ጨዋነት ነው፤ የሕመም መግለጫ ግን አይደለም። ምስጋናውን አክብሮ ከተቀበሉ በኋላ መጠኑን በጣት ወይም በሥዕል አሳይቶ «ትንፋሽዎ ከእነዚህ የቱ ጋ ነው?» ብሎ እንደገና መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጾምም አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያልበላና ያልጠጣ አረጋዊ በሌላ ቀን ከሚያስመዘግበው ያነሰ ርቀት ሊሄድ፣ ሊያዞረውም ይችላል። ልኬቱ ቀለል ያለ ቁርስ በተበላበት ጠዋት ቢደረግና የሚቀጥለውም በዚያው ሁኔታ ቢደገም ማወዳደር ይቻላል። ጫማም ይመዘገባል፤ በላስቲክ ጫማ የተለካ ሰው በሸራ ጫማ ቢደገም የተለወጠው ጫማው ሊሆን ይችላልና።

በመጨረሻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ መለካት አይበቃም። ብዙ ሰው በሁለተኛው ሙከራ በአማካይ 26 ሜትር ገደማ ይጨምራል፤ አካሄዱን ስለለመደው እንጂ ስለተሻለው አይደለም። ስለዚህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አርፎ ይደገምና የሚበልጠው ይያዛል።

ቁጥሩን ማንበብ

ኤንራይትና ሸሪል እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 80 የሆኑ ጤነኞችን ለክተው መካከለኛውን ርቀት ለወንዶች 576፣ ለሴቶች 494 ሜትር አግኝተዋል። ባወጡት ቀመር መሠረት የ70 ዓመት፣ 155 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 55 ኪሎ ክብደት ላላቸው እናት የሚጠበቀው 464 ሜትር ያህል ነው፤ ዝቅተኛው ወሰን 325 ሜትር አካባቢ ይወድቃል። የ70 ዓመት፣ 168 ሴንቲ ሜትርና 62 ኪሎ ለሆኑ አባት 502 ሜትር ይጠበቃል። በወሰኑና በሚጠበቀው መካከል ያለው ስፋት ብቻውን ያስተምራል፤ ጤነኞችም እርስ በርሳቸው በጣም ይለያያሉ።

ቀመሩ የወጣው በአሜሪካ፣ በአሪዞና ግዛት ቱሳን ከተማ ነው። ካሳኖቫና ባልደረቦቹ በ2011 በ7 አገሮች 444 ጤነኞችን ሲለኩ አማካዩን 571 ሜትር አግኝተው፣ ውጤቱ ከአገር አገር መለያየቱን አሳይተዋል። በአፍሪካ ደግሞ የቱኒዚያ ተመራማሪዎች በ2009 ለሰሜን አፍሪካውያን የራሳቸውን ቀመር አውጥተዋል። ለአዲስ አበባ ከፍታ፣ ለነዋሪዎቿ ቁመናና ለኑሯቸው የሚስማማ ሠንጠረዥ በባለሙያዎቿ እጅ መሠራት የሚገባው ሥራ ነው።

እስከዚያው የሚታመነው ንጽጽር ሰውን ከራሱ ጋር ማወዳደር ነው። የ2014ቱ መመሪያ ለሳንባ ሕሙማን 30 ሜትር ያህል ለውጥ ትርጉም እንዳለው ይገልጻል። በአረጋውያን ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ 20 ሜትርን ትንሽ ግን ትርጉም ያለው፣ 50 ሜትርን ጉልህ ለውጥ አድርጎ ወስዷል። ባለፈው ዓመት 420 ሜትር የሄዱ እናት ዘንድሮ 360 ቢሄዱ ሠንጠረዥ ሳያስፈልግ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል፤ ዋሻ ሚካኤል መውጣታቸውን ባያቋርጡም እንኳ።

ርቀቱ ስለ መጪው ጊዜም ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመ ጥናት 898 የልብ ሕመም ካለባቸው ሰዎች መካከል በስድስት ደቂቃ 300 ሜትር ያልሞሉት የሞት መጠናቸው 450 እና ከዚያ በላይ ከሄዱት ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 79 የሆኑ 3,075 አሜሪካውያንን በ400 ሜትር ጉዞ ተከታትሏል፤ ጉዞውን ለመጨረስ የተጨመረች እያንዳንዷ ደቂቃ በ29 በመቶ ከፍ ካለ የሞት አደጋ ጋር ተያይዛ ተገኝታለች።

ቦታ ሲጠብ

በየካ ጠባብ መንደሮች 30 ሜትር ደልዳላ መሬት ሁልጊዜ አይገኝም። መንገዱን አሳጥሮ መለካት ይቻላል፤ መታጠፊያው ሲበዛ ግን ርቀቱ ስለሚቀንስ በ20 ሜትር የተለካ በ30 ሜትር ከተለካ ጋር አይወዳደርም። ቤት ውስጥ ለሚለካ ሰው ደግሞ የሁለት ደቂቃ እርምጃ አለ። በካሊፎርኒያ የአረጋውያን ብቃት መፈተሻ ያዘጋጁት ሪክሊና ጆንስ ያካተቱት ሲሆን፣ ሰውየው ባለበት ቆሞ ጉልበቱን በጉልበት ሎሚውና በዳሌው መካከል እስካለው ልክ እያነሣ ይረግጣል፤ በሁለት ደቂቃ ቀኝ ጉልበቱ ስንት ጊዜ እንደተነሣ ይቆጠራል። ከ70 እስከ 74 ዓመት ለሆኑ ሴቶች የተለመደው ከ68 እስከ 101 ነው።

ለመለየት ብቻ ከሆነ አራት ሜትር ይበቃል። ሰውየው በተለመደው አካሄዱ አራት ሜትር ለመሄድ ከአምስት ሰከንድ በላይ ከፈጀበት ፍጥነቱ በሰከንድ ከ0.8 ሜትር በታች ነው፤ ይህ ወሰን የጡንቻ መመንመንን ከባድነት ለመለየት ይጠቅማል። አራት ሜትሩ ግን ፍጥነትን እንጂ ጽናትን አይለካም፤ ለረጅሙ ፍተሻ መንገድ ጠራጊ ነው።

ከልኬት በኋላ

ልኬት ዋጋ የሚኖረው የሚከተለው ሥራ ሲኖር ነው። ርቀቱ የቀነሰበት ሰው ደም ማነስ፣ የልብ፣ የሳንባና የመገጣጠሚያ ሕመም እንዳለበት ይመረመራል፤ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ይታያሉ። ከዚያ የሚታዘዘው በአብዛኛው መራመዱ ራሱ ነው። በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 89 የሆኑ 1,635 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት ይህን አስመስክሯል። በእርምጃ ላይ የተመሠረተ ልምምድ ከተሰጣቸው መካከል በአማካይ በ2.6 ዓመት ውስጥ 400 ሜትር መራመድ የተሳናቸው 30.1 በመቶ ሲሆኑ፣ የጤና ትምህርት ብቻ ካገኙት ግን 35.5 በመቶ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ሚዛንና ጡንቻ የሚያጠነክር ልምምድ በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ይመክራል።

ለዚህ የየካ መልክዓ ምድር እንቅፋት ብቻ ሳይሆን አጋዥም ነው። ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ በሚወስደው ጎዳና በኮሪደር ልማት የተሠራው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ለጀማሪ ይስማማል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የእግር መንገዶች ደግሞ አቅሙ ለተመለሰ ሰው ቀጣዩ ደረጃ ናቸው። ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት፦ መጀመሪያ ደልዳላው፣ ቀጥሎ ቀላሉ ተዳፋት፣ መጨረሻ ተራራው።

የሚለኩት እጆችም አሉ። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ይሄዳሉ፤ የአራት ሜትሩን ፍተሻ በየደጁ ማድረግ ይችላሉ። ያነሰ ውጤት ያሳየው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ በስድስት ደቂቃው ይፈተሻል፤ ምርመራ የሚያስፈልገው በክፍለ ከተማው ወዳለው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ይላካል። ለልኬቱ የሚሆን ደልዳላ መሬት በትምህርት ቤት ሜዳ፣ በእድር አዳራሽ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ይገኛል። በአረጋዊው የሕክምና ካርድ ላይ በዓመት አንድ ጊዜ ቀኑ፣ የተጓዙት ሜትር፣ የያዙት ከዘራና የተጫሙት ጫማ ቢጻፍ፣ ሰላምታው ረዝሞ ዳገቱን ከመተካቱ በፊት መዳከሙን የሚያሳይ ማስረጃ በእጅ ይኖራል።